ከኖኪያ 1100 ላይ መልእክት ሳይጠፋ ለማውጣት እርዳታ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። አባቴ በ2003 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ኖኪያ 1100 እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል፤ ቁልፎቹን ሳያዩ በጣታቸው ስለሚያውቋቸውና መብራት በሄደ ቁጥር በአናቱ ያለችው የእጅ ባትሪ መብራት ስለምታገለግላቸው በሌላ ሊለውጡት አይፈልጉም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ችግሩ፣ ስልኩ ሰሞኑን ሲበራ «ኮንታክት ሰርቪስ» (የጥገና አገልግሎት ያነጋግሩ) የሚል ጽሑፍ አሳይቶ መጥፋት ማብዛቱ ነው። ቢኤል-5ሲ ባትሪውን በአዲስ ብንቀይርም አልተሻለውም። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያሉ ጠጋኞች ሶፍትዌር እንደገና ይጫንበት ይላሉ፤ ነገር ግን በስልኩ ውስጥ ሟች እናቴ ከሐረር ትልክላቸው የነበሩ አጫጭር መልእክቶች ስላሉ፣ አብረው እንዳይጠፉ በጣም እንሰጋለን። ደኅና ሲነሣ ስሞቹን ወደ ሲም ካርዱ ገልብጫለሁ፤ መልእክቶቹን ግን፣ ስልኩ ብሉቱዝ ስለሌለው፣ በሌላ ስልክ ፎቶ ከማንሣት በቀር መንገድ አላገኘሁም፤ እሱንም ሳልጨርስ ይጠፋብኛል።

ከባትሪው ሥር ባሉት የብረት ነጥቦች በኩል ከኮምፒውተር አገናኝቶ፣ ሶፍትዌሩን ከመንካቱ በፊት በውስጡ ያለውን ሁሉ ገልብጦ ማስቀመጥ የሚችል ባለሙያ በድሬዳዋ ወይም በሐረር የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ሥራው ለመልእክቶቹ አደጋ አለው ወይ የሚለውንም ከሞከረው ሰው ብሰማ ትልቅ ውለታ ነው።