የሜካኒካል ተመራቂ ማሽኑን ሠርቶ ያሳይ ወይስ ዲዛይኑ ይበቃል?

ጥያቄ አቅራቢ (ደብረ ብርሃን)፦
የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አምስተኛ ዓመት ላይ የሚያቀርቡት የመመረቂያ ፕሮጀክት አብዛኛው ሶሊድወርክስ በሚባለው የኮምፒውተር መንደፊያ ፕሮግራም ላይ ተስሎ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ገብስና ባቄላ ዛሬም በብዙ ዓውድማ በከብት ነው የሚወቃው። እኔ የምለው፦ መውቂያ ነድፌያለሁ ያለ ቡድን ሠርቶ፣ እህል ወቅቶ ካላሳየ አይለፍ። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን ጻፉ።

መምህር (ማሽን ዲዛይን)፦
እቃወማለሁ። «ሥሩ» ሲባል ብዙው ተማሪ ገንዘብ አዋጥቶ ብየዳ ቤት ይሄድና የሌላ ቦታ ማሽን ያስገለብጣል። ማሽኑ ይዞራል፤ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደሚዞር ግን አያውቅም። ገብስ ሲወቃ የከበሮው (እየዞረ እህሉን የሚወቃው ክፍል) ጠርዝ በሰከንድ 25 ሜትር አካባቢ መሮጥ አለበት። ባቄላ በዚያ ፍጥነት ይሰባበራል፤ ግማሹ ይበቃዋል። ዲያሜትሩ 40 ሳንቲሜትር ለሆነ ከበሮ፣ ለገብስ በደቂቃ 1200 ዙር፣ ለባቄላ 600 ገደማ ማለት ነው። ይህን ያሰላ ተማሪ ፍጥነቱን ለመቀየር መጠናቸው የተለያየ ሁለት ፑሌጅያ (የቀበቶ መዘውር) ያዘጋጃል። የሞተሩም ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 10 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚህ ያጣል። የካታሎጉን ቁጥር አምኖ የገዛ ቡድን ነዶው ሲገባ ሞተሩ ይጠፋበታል። መሐንዲስነት ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ቶርኖ ቤት ያለኝ፦
መምህር፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ስሌቱ ብቻውን ሲመጣም አያለሁ። 27.5 ሚሊሜትር ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) ስለው ያመጡልኛል፤ ገበያው ላይ ያለው ሻፍቱ የሚገባበት ኩሽኔታ 25 ወይም 30 ነው። ቡሎኑን ቁልፍ በማይገባበት ጥግ ያስቀምጡታል። ይህን የሚያስተምራቸው እጃቸው ነው። ቆሞ ለሚሠራ ተማሪ ቶርኖውን አስይዘዋለሁ።

የዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ጊዜውን ግን እዩልን። ፕሮጀክቱ ያለው ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ነው። የመኸሩ እህል ያኔ ተወቅቶ አልቋል፤ የበልጉ ገብስ ገና አልደረሰም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለብን። በምን እህል እንፈትነው? ብሩስ? ወላጆቼ በግ ሸጠው ነው የሚልኩልኝ።

ከመንዝ፦
ዓውድማችን መኪና አይገባበትም። ተፈታትቶ በአህያ የማይጫን ከሆነ ለእኛ አይሆንም። ከመሳላችሁ በፊት መጥታችሁ ጠይቁን።

ጥያቄ አቅራቢ፦
እህቴ ያነሳሽው የወቅት ነገር ሐሳቤን ለውጦታል። እንዲህ ቢሆንስ? ርዕሱ አራተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ይሰጥ። ተማሪዎቹ በመኸር ዓውድማ ወርደው መንገዱን፣ ነዶውን፣ ገበሬው በሰዓት ስንት እንደሚያቀርብ ይለኩ፤ ለሙከራ የሚሆን ነዶም ገዝተው ያስቀምጡ። በሁለተኛው መንፈቅ ከበሮውን ብቻ ሠርተው ይፈትኑ። የቀጣዩ ዓመት ቡድን ያንኑ ተረክቦ ማራገቢያውንና ወንፊቱን ይጨምር። ማሽኑ የትምህርት ክፍሉ ንብረት ስለሚሆን ወጪውም የክፍሉ ይሁን፤ በግ የሸጡ ወላጆች ይህን መሸከም የለባቸውም።

መምህር፦
ነዶ ማስቀመጡ ያስማማኛል። መረካከቡ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ፦ የአምናው ሻፍት ጠማማ ከሆነ የዘንድሮው ቡድን በሌላ ሰው ሥራ ይውደቅ?

ቶርኖ ቤት ያለኝ፦
ሲረከቡ ይለኩት። ጠማማውን አግኝቶ ማቃናትም ሥራ ነው፤ ማርክ ይያዝለት።