ዳታው የተበላሸ አገር ከንፅፅሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። የአገራትን የፖለቲካ ተሳትፎ የምናወዳድረው ባብዛኛው በሰርቬይ፣ ማለት ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት መጠይቅ በማስሞላት ነው አይደል። በ2017 (በፈረንጆቹ) ተመራማሪው ስሎምቺንስኪና ሁለት ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ፣ ከ22 ዓለም አቀፍ የሰርቬይ ፕሮጀክት 1,721 የአገር ሰርቬዮችን ፈትሸው 162ቱ ውስጥ በጠቅላላ 5,893 ዱፕሊኬት አገኙ፣ ማለት የአንዱ መልስ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከሌላው ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለ ሰርቬይ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ባለሰንጠረዡ፦ ይውጣ! ምኑ ያከራክራል። ሁለት ሰው እድሜው፣ ሃይማኖቱ፣ ገቢው፣ የመረጠው ፓርቲ እኩል ሆኖ መቶ ምናምን ጥያቄ ላይ አንዴም ሳይለያይ? ዳታ ሰብሳቢው ቁጭ ብሎ ሞልቶታል ወይ ቢሮ ውስጥ ኮፒ ፔስት ተደርጓል፣ በቃ። የተያዘው ይሄ ነው፣ ያልተያዘውስ?

ቀስበል፦ ወንድሜ ረጋ በል። 5,893ቱ እኮ ከ2.3 ሚሊዮን መላሽ ውስጥ ነው። 1,200 ሰው ያለበት ሰርቬይ ውስጥ አንድ ጥንድ ስለተገኘ አገሩን ሙሉ መጣል አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ጥንዱን ሰርዝና ቀጥል።

ባለሰንጠረዡ፦ ጥንዱን የሰራው ሰው ሌላውንም ሞልቶ ከሆነስ? ደሞ የሚያታልል ሰው ሙሉ ለሙሉ ኮፒ አያደርግም፣ አንድ ሁለት መልስ ይነካካል። ለዛ ነው ኩሪያኮስና ሮቢንስ የሚባሉ ተመራማሪዎች መልሳቸው ከ85 በመቶ በላይ የሚመሳሰሉትን እንፈልግ ያሉት።

ቀስበል፦ እሱንም ፒው ሪሰርች የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ተከራክሮበታል። ጥያቄው ትንሽ ከሆነ፣ የመልስ አማራጩም ካነሰ፣ ሕዝቡም ተቀራራቢ አስተሳሰብ ካለው ሰው ሳያጭበረብርም 85 በመቶ ይመሳሰላል። ስለዚህ መስመሩን የትም ብታሰምር ንፁሁን ከቆሻሻው ጋር ትጠርጋለህ።

ሰልፈኛዋ፦ ሁለታችሁም ሌባ ስታሳድዱ ትልቁን ነገር ዘለላችሁት። በብዙ አገር የሚደረገው ዎርልድ ቫልዩስ ሰርቬይ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥተህ ታውቃለህ ነው የሚለው፣ በእድሜህ ሙሉ። የአውሮፓው ሶሻል ሰርቬይ ደሞ ባለፉት 12 ወራት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ተማሪ እያለ አንዴ የወጣ የ50 ዓመት ሰው እዚህ ተሳታፊ ነው እዚያ አይደለም። ይሄን አንድ ዓምድ ውስጥ ከተው አገር የሚያወዳድሩ አሉ እኮ፣ ዱፕሊኬት ዜሮ ቢሆንም ንፅፅሩ ገደል ነው።

ባለሰንጠረዡ፦ እሱ የአጥኚው ስንፍና ነው እህቴ፣ የዳታው ጥራት አይደለም።

ሰልፈኛዋ፦ እሺ ድምፅ መስጠትን እንይ። ሳይመርጡ መርጫለሁ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ አሜሪካ ውስጥ መልሱን ከመራጮች መዝገብ ጋር እያመሳከሩ ደጋግመው አይተውታል። የሚገርመው ደሞ እንዲህ የሚሉት ይበልጥ የተማሩትና ፖለቲካ የሚከታተሉት ናቸው፣ አለመምረጥ የሚያሳፍረው እነሱን ነዋ። ታዲያ ትምህርት ተሳትፎን ይጨምራል የምንለው ነገር ከእውነቱ በላይ ተነፍቶ ይወጣል። መዝገቡን የማታገኝበት አገር ላይ ምን ያህል እንደተነፋ በምን ታውቃለህ?

ቀስበል፦ ፍርሃቱን ጨምሪበት። አፍሮባሮሜትር፣ የአፍሪካ አገራት ሰርቬዩ፣ መጨረሻ ላይ ማን የላከን ይመስልሃል ብሎ ይጠይቃል፣ መንግሥት ነው የሚል ሰው ደሞ ጥንቃቄ ያበዛል። መልሱ የራሱ ነው፣ ዱፕሊኬት አይደለም፣ ግን የልቡን አልነገረህም።

ባለሰንጠረዡ፦ እኮ! ይሄ ሁሉ የኔን ሃሳብ ነው የሚደግፈው። ደካማውን አውጣና ከሚታመነው ጋር ስራ።

ሰልፈኛዋ፦ የሚታመነው ማነው? የአውሮፓው ሰርቬይ የምላሽ መጠን ግቡ፣ ማለት ከተመረጡት ሰዎች የሚመልሱት፣ 70 በመቶ ነበር፣ ጀርመን ግን ወደ 30 የወረደችባቸው ዙሮች አሉ። በር የማይከፍተው ሰው ደሞ ባብዛኛው ድምፅም የማይሰጠው ነው። በዱፕሊኬት ስትለካ ጀርመን ንፁህ ናት፣ ባልመለሰው ሰው ስትለካስ? አንተ የምታወጣው ድሃውን አገር ነው፣ የሀብታሙ ችግር ግን ያልመለሱትን ለማካካስ ለመለሱት ክብደት እየተሰጠ ይስተካከላል፣ ይቆያል። በመጨረሻ የሚቀሩህ የተመቻቸው ዲሞክራሲዎች ናቸው፣ ርዕስህ ላይ ግን "ዓለም አቀፍ" ብለህ ትፅፋለህ።

አወያይ፦ ከተጠረጠሩት ሰርቬዮች ጋርም ያለነሱም ሁለቴ መስራት አይቻልም እንዴ? ለእያንዳንዱ ሰርቬይ የጥራት ነጥብ ሰጥቶ የስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባትም አለ፣ እነስሎምቺንስኪ የሞከሩት እንደሱ ነው።

ባለሰንጠረዡ፦ ሁለቴ ሰርተህ ውጤቱ ቢለያይ የቱን ታሳትማለህ?

ሰልፈኛዋ፦ ሁለቱንም ነዋ። ከተለያየማ ጥናቱ እሱ ነው።

ባለሰንጠረዡ፦ ጆርናሉ ቦታ የለኝም ሲልሽ ደውዪልኝ 😄