ባላስት ሞልቶ ማዕበል መሥራት በሕግ ይገደብ ወይስ ለነጂው ይተው?

አወያይ፦ ሰላም የሚኒሶታ ልጆች። ቅዳሜ ሐይቅ ዳር የተነሳው ጭቅጭቅ እዚህ ይውጣለት። ለማታውቁት፣ ዌክሰርፊንግ ማለት የሚጎትተውን ገመድ ለቆ ከጀልባ ኋላ በሚነሳው ማዕበል ላይ በቦርድ መንሸራተት ነው። ማዕበሉ እንዲተልቅ ጀልባው ውስጥ ባሉት ታንከሮች የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ይሞላሉ። ባላስት የሚባለው እሱ ነው። ቬርሞንት ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደንብ አውጥታለች፤ ከዳር 500 ጫማ መራቅ፣ ቢያንስ 20 ጫማ ጥልቀት፣ እንዲህ ያለው ቦታም ሳይቆራረጥ 50 ኤከር መሙላት አለበት። እኛስ ጋ እንዲህ ይሁን? ስድብ የለም።

የልጆች እናት፦ ይሁን። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። ባለፈው ጁላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሐይቅ ዳር ይዘናት ሄድን። አሸዋው ላይ ምንጣፍ ዘርግታ በትንሿ ቡታጋዝ ጀበናዋን ጥዳለች። ትንሹ ልጄ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሶ በባልዲው ይጫወታል። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር። አንድ ጀልባ ኋላው ተዘፍዝፎ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀስ ብሎ አለፈ። አለፈ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ውሃው ወደ ውስጥ ሸሸ፣ ቀጥሎ ሦስት አራት ማዕበል ተከታትሎ መጣ። ልጄን ገፍቶ ጣለው፣ ተነስቶ ሳይቆም ሁለተኛው ደገመው። እሱን አንስቼ ስዞር ምንጣፉ ርሷል፣ ጀበናው ተደፍቷል፣ እናቴ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «ልጁን! ልጁን!» ትላለች። ጀልባው ያኔ ሌላው ዳር ደርሷል። ነጂው ያደረገውን አላየም። ከዚያ ርቀት ሊያይም አይችልም። «ነጂው ይጠንቀቅ» የምትሉኝ ለዚህ መልስ ስጡኝ። የማያየውን ነገር እንዴት ይጠንቀቃል?

ጀልባ ነጂው፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ። የሆነው ጥፋት ነው፣ አልከራከርሽም። ግን ሕጉን እቃወማለሁ። እኛ አምስት ጓደኛሞች ዕቁብ ጥለን ነው አሮጌ ጀልባ የገዛነው። ሳምንቱን ሙሉ ሠርተን እሁድ ሦስት ሰዓት እንወጣለን። የኛ ሐይቅ ጠባብ ነው። ከግራም 500 ከቀኝም 500 ጫማ ራቁ ካላችሁ ስፋቱ ከ1,000 ጫማ ያነሰ ሐይቅ ላይ መቆሚያ የለም ማለት ነው፤ ከዚያ ትንሽ የሚሰፋውም ቢሆን መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል፣ እዚያ መስመር ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይደራረባል። የውሃ ስፖርት ኢንዱስትሪው ማኅበር 200 ጫማ ይላል። እሱን የሚያከብር ሰው ለምን ይቀጣል?

ተማሪዋ፦ 200 ያለው ማኅበር እኮ ጀልባ ሠሪና ሻጮች ያሉበት ነው፤ ያንን አብረህ ተናገር። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሴንት አንቶኒ ፎልስ ላብራቶሪ በ2022 ያወጣው ጥናት አለ። ሐይቅ ላይ ጀልባ እየነዱ ማዕበሉን ለኩ። ተራ የሞተር ጀልባ ማዕበል 200 ጫማ ላይ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ለመውረድ የዌክሰርፍ ጀልባ ከ500 ጫማ በላይ ያስፈልገዋል ነው የሚሉት። ደግሞ የማዕበል ከፍታ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ትንሽ ከፍ አደረግኩት የምትለው ዳር ላይ ያለውን አፈር ግን ትንሽ አይደለም የሚመታው።

አንድ አባል፦ የሀብታም ጨዋታ ነው። አዲሱ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። ከልክሉትና ይገላግለን።

ጀልባ ነጂው፦ አሮጌ ነው አልኩህ ወንድሜ። በዕቁብ።

አወያይ፦ ዋጋውን ተዉት። ወደ ጉዳዩ።

ሜካኒኩ፦ ጀልባ ስጠግን ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከሁለታችሁም ጋር በከፊል አልስማማም፣ ታገሱኝ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ክብደቱን እንወቅ። 3,000 ፓውንድ ባላስት 1,360 ኪሎ ገደማ ነው። አሥራ ሦስት ኩንታል ተኩል ጤፍ ጀልባ ላይ ጭኖ መሄድ በሉት፤ በዚያ ላይ ሰው አለ፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች ደግሞ ከዚህም በላይ ይይዛሉ። ለሰርፍ የሚነዳው በሰዓት ከ10 እስከ 11 ማይል አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት ጀልባው ወደ ላይ ወጥቶ አይቀልም፣ ተቀምጦ ውሃውን ያርሰዋል። ማዕበሉ የታረሰው ውሃ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ሰው ማዕበሉ አነሰብኝ ሲል መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም ታንከር ጢም አድርጎ መሙላት ነው። ሱቄ የሚመጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው። የኋላ ክብደት ከፍታ ይሰጣል፣ የፊት ክብደት ርዝመት ይሰጣል። ኋላውን ብቻ ከሞላህ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን አጭር ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረህ ጥሎህ ይሄዳል። ፊት ላይ ጥቂት ስትጨምር ይረዝማል፣ የሚገፋህ ቦታ ይሰፋል። ፊቱን ካበዛኸው ደግሞ ማዕበሉ ይተኛል። ከዚያ የባሰው፣ ዞረህ የራስህን ማዕበል ስታቋርጥ አፍንጫው ይጠልቅና ውሃ በፊት በኩል ይገባል። ጀልባ እንዲህ ይሰምጣል፣ በዚህ አልቀልድም።

ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሰው በጀልባው ግራ በኩል ይንሸራተታል፣ ቀኙን የሚያስቀድም በቀኝ። በድሮዎቹ ጀልባዎች ወደዚያ ጎን አጋድለህ ነበር የምትሞላው። ከ2013 ወዲህ ናውቲክና ማሊቡ ከኋላ በኩል ውሃውን የሚያዛባ ክንፍ መሰል ነገር አመጡ። ሁለቱን ጎን እኩል ሞልተህ ማዕበሉን በአንድ ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ታዞረዋለህ። ስለዚህ ጀልባ እስኪጋደል መሙላት የድሮ ልማድ ነው። አረፋ በዛብህ? ፍጥነቱን በትንሹ ጨምር። አጠረብህ? ሁለት ሰው ከኋላ ወንበር አስነስተህ ፊት አስቀምጥ፣ ፓምፕ ሳትነካ 150 ኪሎ አዘዋወርክ። ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሦስት ነገር አብረህ ከቀየርክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም።

እና ዋናው ነገር ጥልቀት ነው። ስምንት ጫማ ውሃ ላይ የፈለግከውን ያህል ሙላ፣ ማዕበሉ ይደክምብሃል። በዚያው ጀልባ፣ በዚያው ክብደት 20 ጫማ ላይ ስትሄድ ይጠራል፣ ጉልበት ያገኛል። ስለዚህ የቬርሞንት የጥልቀት ደንብ ከሰርፈሩ የሚወስደው ነገር የለም፣ እንዲያውም ጥሩ ማዕበል ወዳለበት ይመራዋል። የሚወስድበት የርቀቱ ነው። ክርክሩን እዚያ ላይ ብናደርገው ይሻላል።

ጋሼ ዓሣ አጥማጁ፦ ልጄ፣ ስለ ጥልቀቱ ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ከታች በኩል ልጨምርበት። ኋላው የከበደ ጀልባ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ታች ነው የሚገፋው። ጥልቀት በሌለበት ደለሉን ያነሳዋል፣ ከደለሉ ጋር ፎስፈረስ ይነሳል፣ አልጌ የሚያበላው እሱ ነው። ሉን የምትባለው የሚኒሶታ ወፍ ደግሞ ጎጆዋን የምትሠራው ውሃው ጫፍ ላይ ነው፤ በእግሯ መሬት ላይ መራመድ አትችልም ማለት ይቻላል፣ ራቅ ብላ አትሠራም። አንድ ትልቅ ማዕበል እንቁላሏን ይወስዳል።

ሌላም አለኝ። ታንከሩ ጨርሶ አይደርቅም። ፓምፑ ካቆመ በኋላ ከሥር የሚቀር ውሃ አለ። «ዜብራ ማስል» (zebra mussel) የምትባለው ወራሪ ፍጥረት እጭ ደግሞ በዓይን አይታይም። ይቺ ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ ፍጥረት ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች የገባችው በ1980ዎቹ በመርከብ ባላስት ውሃ ነው፤ ሚኒሶታ ዱሉዝ ወደብ ላይ የታየችው በ1989። ያው ባላስት። ጣናን እምቦጭ ሲወርረው ያየ የባሕር ዳር ሰው ነኝ። ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ነበር፤ ነቅሎ ነቅሎ አላለቀም። አንዴ ከገባ አይወጣም ስላችሁ አንጀቴ ተቃጥሎ ነው።

ጀልባ ነጂው፦ ጋሼ፣ ስለ ታንከሩ ያሉት አዲስ ነገር ሆነብኝ። እኛ የጀልባውን የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ ነቅለን ነው የምንጎትተው፣ ሕጉም ያንን ይላል፣ ግን ከሥር ስለሚቀረው አስቤ አላውቅም። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ስንሄድ በሙቅ ውሃ እናጥባለን፣ ቃሌ ነው።

የልጆች እናት፦ ቃልህን አመሰግናለሁ። የኔ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም።

ጀልባ ነጂው፦ (እሁድ ማታ) ዛሬ ወጥተን ሞከርን። ሜካኒኩ እንዳለው የኋላ ታንከሮቹን ከሙሉ ወደ ሦስት አራተኛ ቀነስኩ፣ ፊቱን አንድ ሦስተኛ አደረግኩ፣ ጥልቀት መለኪያው 22 ጫማ የሚልበት ቦታ ሄድን። በመጀመሪያው ዙር ማዕበሉ ዝቅ ያለ መሰለኝና ልሞላው እጄን ወደ ቁልፉ ሰድጄ ነበር። ጓደኛዬ ከኋላ «ተወው! ተወው!» አለኝ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳይወድቅ ቆመ፣ በፊት ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም ነበር። ነዳጁም ቀለለን። ስለዚህ የ20 ጫማውን ጥልቀት ተቀብያለሁ፣ ሕግ ይሁን፣ እደግፋለሁ። 500 ጫማው ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ውሃ ቀንሶ የሚነዳና ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚነዳ እኩል ይራቁ ማለት ፍትሕ አይመስለኝም።

ተማሪዋ፦ ፖሊስ ዳር ቆሞ ታንከርህ ውስጥ ስንት እንዳለ በምን ያውቃል? ርቀት በዓይን ይታያል፣ ባላስት አይታይም። ደንብ የሚወጣው ሊታይ በሚችል ነገር ነው።

ጀልባ ነጂው፦ ይሄኛው ከባድ ነው። ላስብበት።

ሜካኒኩ፦ እኔ 300 ባይ ነበርኩ። ተማሪዋ ስላለችው እያሰብኩ ነው።

የልጆች እናት፦ ሐሳብ አለኝ። ቅዳሜ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ አንተ ጀልባህን ይዘህ ና። እኔ ዳር ላይ እንጨት እተክልና በኢንች ምልክት አደርግበታለሁ። አንዴ በ200፣ አንዴ በ300፣ አንዴ በ500 ጫማ እለፍ። በቀነስከው ባላስት አንድ ዙር፣ ሞልተህ አንድ ዙር። ልጆቹን ውሃ ውስጥ አላስገባም። ውሃው እንጨቱ ላይ የት እንደደረሰ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። አንተም ከዚያ ወርደህ አንዴ ከኔ ጋር ቁም፣ ጓደኛህ ይንዳ።

ጀልባ ነጂው፦ እመጣለሁ። ርቀቱን የምንለካበት ቡይ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ምልክት፣ ማን አለው?

ጋሼ ዓሣ አጥማጁ፦ እኔ አለኝ፣ ሦስት። ቡናውን ደግሞ ከዳሩ ራቅ አድርጋችሁ አፍሉት።