ለደራሲ ደመወዝ ይቆረጥለት ወይስ አይቆረጥለት?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ክርክር ከዚሁ ከግሩፓችን የተነሳ ነው። አንድ አባላችን «ባሕር ዳር ለደራሲዎቿ ደመወዝ ትቁረጥ፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሌላ ሥራ ሳያስቡ ይጻፉ» ብሎ ነበር። ግማሾቻችሁ ደገፋችሁ፣ ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ። አሁን ረጋ ብለን እንነጋገርበት። ስድብ የለም። ረጅም የድምፅ መልእክት የሚልክ ይወጣል፤ የምሬን ነው።

የፔዳው፦ ሐሳቡ የኔ ነው። ከዚህ አካባቢ የወጡትን ሰዎች እዩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። ሠዓሊ ነበር፣ ናፖሊ አማርኛ አስተማረ፣ ነጋድራስ ሆነ፣ አምባሳደር ሆነ። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበር። ጎንደሬው ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጠኛ፤ አዲስ ዘመንን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። ሐዲስ ዓለማየሁማ አምባሳደርም ሚኒስትርም። ሁሉም ቀኑን ለሌላ ሰጥተው ለመጽሐፉ የተረፈችው ማታዋ ናት። ጊዜ ቢያገኙ ስንት ይጽፉ ነበር?

አባይ ማዶ፦ ኧረ መምህር! የሐዲስ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 የወጣው በዚያው ሥራ መሀል እኮ ነው። ሰውዬው ጣሊያን አገር ታስረዋል። ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክ፣ ለንደን ሠርተዋል። ያን ሁሉ ባያዩ ፊታውራሪ መሸሻን እንደዚያ ራቅ ብለው ማየት ይችሉ ነበር? ሥራው ጊዜ ወሰደባቸው ትላለህ። እኔ ደግሞ ዓይን ሰጣቸው እላለሁ።

የፔዳው፦ እሺ። የሐዲስ ሌላው ልብ ወለድ፣ ወንጀለኛው ዳኛ፣ 1974 ወጣ። የልምዣት 1980። ሁለቱም ሥልጣኑ ካበቃ በኋላ። ጊዜ ሲያገኝ ጻፈ ማለት ነው።

አባይ ማዶ፦ ሰው አፍ ላይ ያለው ግን የትኛው ነው? 😄

የዘጌው ልጅ፦ አፈወርቅን ስላነሳችሁት ዝም አልልም፤ የአገሬ ልጅ ነው። በ1900 ሮም ላይ ያሳተመው ልብ ወለድ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይባላል። ኮርተናል። ቀጥሎ ስለ ምኒልክ የጻፈው ግን ውዳሴ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ ብዕሩን ይዞ ወደዚያ ዞረ። ባለ ደመወዝ ደራሲ መጨረሻው የት እንደሚሆን ይህ አይበቃም? ነገ ከተማው የሚከፍለው ልጅ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ እንቦጩ እውነቱን ቢጽፍ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይባላል። እና ዝርዝሩን ማን ያወጣል? ኮሚቴ! ኮሚቴን ደግሞ እናውቀዋለን።

የፔዳው፦ አንድ ሰው ከዳ ተብሎ ሁሉም ይከለከል?

የዘጌው ልጅ፦ አልከለከልኩም። የከፋዩን እጅ ተጠንቀቁ ነው ያልኩት። ተቃራኒውንም ልንገርህ። አቤ ጉበኛ እዚሁ አጠገባችን ከአቸፈር ነው። የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ለመኖር ቆርጦ ተነሳ። «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ በ1955 ሲወጣ ታገደ። እሱንም ጎሬ አስቀመጡት፤ ጎሬ ማለት ያኔ የአገሩ ጫፍ ነው። ቢሆንም መጻፉን አልተወም። የሱ ደመወዝ ከፋይ አንባቢው ነበር። ለዚህ ነው አፉ ያልታሰረው።

ባንክ ያለችው ገጣሚ፦ ወንድሜ፣ ይህን ስትጽፍ ሆድህ ሞልቶ ነበር አይደል? አቤን ሁላችንም እንወዳለን። ግን የሱን ኑሮ ማን ሊኖርለት ነው? እኔ ቀን ባንክ መስኮት ላይ ነኝ። ማታ ልጅ አስተኝቼ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያ መድበሌን ያሳተምኩት የእቁብ ብሬን አውጥቼ ነው። ማተሚያ ቤቱ ገጽ አዛውሮ ሰጠኝ። ግጥሙ ከመሀል ይጀምርና መጀመሪያው ከሁለት ቅጠል በኋላ ይመጣል። ድጋሚ ላሳትም ስል የወረቀት ዋጋ ጨምሯል ተባልኩ። እስካሁን ካርቶኑ አልጋዬ ሥር ነው። እኔን ደመወዝ አያጓጓኝም፤ አለኝ። የቸገረኝ መጽሐፉ ከአልጋዬ ሥር የሚወጣበት መንገድ ነው።

አዟሪው፦ እህቴ ነገሩን ተናገርሽው። እኔ መጽሐፍ ክንዴ ላይ ደርድሬ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር እዞራለሁ። ሰው ይጠራኛል። ያገላብጣል። ጀርባውን ያነባል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሽፋኑን ፎቶ ያነሳል። «ለምን?» ስል «ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉን ልፈልገው» ይለኛል። እዚያው ፊቴ! አያፍርም እኮ። በዚያ ላይ ሦስት ማኪያቶ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስለዚህ ለደራሲው ደመወዝ ብትቆርጡለት ምን ይሆናል? ይጽፋል፣ በማግስቱ ይሰረቃል።

አባይ ማዶ፦ ሕጉማ አለ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላም ተሻሽሏል። በቴሌግራም ፋይል ምክንያት ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ግን በዓይኔ አላየሁም።

የፔዳው፦ የዛሬዎቹንም እንያቸው እንጂ። በእውቀቱ ስዩም የማንኩሳ ልጅ ነው፤ የፍቅር እስከ መቃብሩ የበዛብህ ማንኩሳ። ግጥም ይጽፋል፣ ልብ ወለድ ይጽፋል፣ ወግ ይጽፋል፣ መድረክ ወጥቶ ያስቃል። በ2004 ለንደን ላይ ከየአገሩ ገጣሚያን ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያን የወከለው እሱ ነው። የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ ዴርቶጋዳ ደግሞ በ2001 ወጥቶ ስንት ጊዜ ታተመ! ጣናን ሳያይ ጣናን የወደደ አንባቢ አፍርቷል። አንባቢ የለም አትበሉኝ።

አዟሪው፦ አለ። እነሱን እኔም ሸጫለሁ። ስም ያለው ይሸጣል። ስም የሌለውን ልጅ መጽሐፍ ክንዴ ላይ ሳዞር ግን ጠርዙ ያልቃል እንጂ አይነሳልኝም።

ባንክ ያለችው ገጣሚ፦ በነገራችን ላይ፣ እስካሁን የተጠሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ማታዋ ለነሱ ተረፈች አላችሁ። እራት ማን ይሠራ ነበር?

አወያይ፦ 😅 ይህ ለብቻው አንድ ሳምንት ይበቃዋል። መዝግቤዋለሁ።

ባንክ ያለችው ገጣሚ፦ ሳቅህን ተውና መዝግበው።

አባይ ማዶ፦ እኔ የምለው፣ ከተማው ገንዘብ ካለው መጽሐፍ ይግዛበት። ከእያንዳንዱ አዲስ መጽሐፍ የተወሰነ ቅጂ ለየትምህርት ቤቱና ለየቤተ መጻሕፍቱ። ደራሲው የሕትመት ወጪው ይመለስለታል። ተማሪው ያነባል። ማንም የማንም ተቀጣሪ አይሆንም።

የዘጌው ልጅ፦ የሚገዛውንስ ማን ይመርጣል? ዞረን ኮሚቴ ጋ ደረስን።

አባይ ማዶ፦ አይመረጥማ! እዚህ የሚኖር ደራሲ ሁሉ፣ መጽሐፍ ባወጣ ቁጥር፣ እኩል ቅጂ። ጥሩውም መጥፎውም ይገዛ። መጥፎውን ተማሪው ራሱ መደርደሪያ ላይ ይተወዋል።

የፔዳው፦ በሕዝብ ገንዘብ መጥፎ ግጥም? ይህንንማ አልፈርምም። ባይሆን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና የቋንቋ መምህራን ይምረጡ፤ የመረጡበትን ምክንያት ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ።

የዘጌው ልጅ፦ ይለጠፍ ካልክ እኔ አለሁበት። ደመወዙን ግን ሰርዘው።

የፔዳው፦ አልሰርዝም። ለሁለት ሰው ይሁን፣ ለአንድ ዓመት።

አዟሪው፦ እናንተ እስክትስማሙ፣ እህቴ፣ አሥር ቅጂ አምጪልኝ። ገጹ የተዛወረውን አይደለም፤ ደህና ደህናውን ለይተሽ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ በር ላይ አለሁ።