«አንድ ቀን በአንድ ጊዜ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ሰንበሌጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት። ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች በምትወጣ ወረቀት ላይ አንድ ልጅ «ክርስቲያን አንድ ቀንን በአንድ ጊዜ ይኖራል» ብሎ ጻፈ፤ የእንግሊዝኛውን «one day at a time» ቃል በቃል መልሶት ነው። አራሚዋ እኔ ነኝ። ቃሉ ሁሉ አማርኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አማርኛ አልሆን አለኝ። ሁለት ቀን በአንድ ጊዜ የሚኖር ሰው አለ እንዴ? «ዕለት ዕለት መኖር» ብዬ ባርመው ቀዘቀዘብኝ። «ከእጅ ወደ አፍ» ደግሞ ድህነት ሆነ። ምን ትሉኛላችሁ?

ቀለም ቀንድ፦
መጀመሪያ የምንጸልየውን እንየው። በግእዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው። «ለለ» ነጥሎ የሚቆጥር ቃል ነው፤ «ዘለለ ዕለትነ» ሲል «የየዕለታችንን» ማለቱ ነው። ግሪኩ እዚህ ቦታ ላይ ኤፒዩሲዮስ ይላል፤ ትርጉሙ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቃል ነው። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን የሚገኘው ማቴዎስ 6፥11 እና ሉቃስ 11፥3 ላይ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበረው ኦሪገን በ3ኛው መቶ ዘመን «ወንጌላውያኑ ራሳቸው ያበጁት ይመስላል» እስከማለት ደርሷል። ሄሮኒሞስም ወደ ላቲን ሲመልሰው ማቴዎስ ላይ አንድ ቃል፣ ሉቃስ ላይ ሌላ ቃል አስገባ። የኛዎቹ በ«ለለ» ተገላገሉት።

ሲሳይንም እይው። በግእዙ ምግብ ነው። ዛሬ ሳይጠበቅ የመጣ ነገር ሆኗል፤ «ሲሳይ መጣልህ» እንላለን። ሲብስ ደግሞ «የጅብ ሲሳይ» አለ። የተከማቸ ሲሳይ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጎጆ፦
«መና ቀረ» የምንለውስ? ዘጸአት 16 ላይ ለእስራኤላውያን ከሰማይ ከወረደላቸው ምግብ፣ ከመናው፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጎሞር (የመስፈሪያ ስም ነው) ነበር የተፈቀደው። ስግብግቦቹ ለነገ ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። ከዚያ የመጣ አይመስላችሁም?

ቀለም ቀንድ፦
ታሪኩ ያምራል። ግን ድምፅ ስለገጠመ ብቻ ዘመድ አይባልም።

የጉሊት ጎረቤት፦
ጎጆ ሳታውቂው መልሱን ተናገርሽ። «ያሳደሩት» አልሽ አይደል?

አማርኛ ቀኑን በግስ ይከፋፍለዋል። አረፈደ፣ ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ። ረዘም ሲል ሰነበተ፣ ከረመ። ከእነዚህ ሁሉ «አደረ» ኑሮ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ገበሬው አርሶ አደር ነው፤ ከብት ያለው አርብቶ አደር። ወታደርም ወቶ አደር ነው። «መተዳደሪያህ ምንድን ነው?» ስንልም ያው ሥሩ እሱ ነው። የሰውን ሥራ ስንሰይም እንኳ ከዛሬ ሌሊት አናልፍም።

ሰፈራችን ውስጥ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ በመደብ አድርገው የሚሸጡ እናት አሉ። ማታ ከሥራ ስመለስ ሸራቸውን እያጠፉ ነው የምደርሰው። «ገበያው እንዴት ዋለ እማማ?» እላለሁ። የጠወለገውን ለብቻ ይለዩና «ተመስገን፣ ያዋለኝ ያሳድረኛል» ይላሉ። በየቀኑ ያው ነው። ሽጠው በጨረሱም ቀን፣ ዝናብ በደበደባቸውም ቀን።

«እውላለሁ፣ አድራለሁ» አይሉም፤ ልብ በሉ። የሚያውልና የሚያሳድር ሌላ ነው። ልጁ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ የጎደለው ይሄ ይመስለኛል። «ክርስቲያን ይኖራል» ብሎ ነገሩን የክርስቲያኑ ጥበብ አደረገው። የኛ ሰው ግን ሲመርቅም «በሰላም ያውልህ»፣ «በሰላም ያሳድርህ» ነው የሚለው። ዓመት ሙሉ የሚያስመኘን በዓል ብቻ ነው፤ «ለከርሞ ያድርሰን» እንላለን።

(እማማ ያችን ብር መቀነታቸው ውስጥ ሲቋጥሩ የዕቁቧን ለብቻ ነው የሚቋጥሯት። ዕቁብ አስቀርተው አያውቁም!)

ሰንበሌጥ፦
ዕቁቧን ስላነሳህልኝ እግዜር ይስጥህ። ልጁ የሚጣላኝ እዚያ ላይ ነው። «ለነገ አትጨነቁ ተብሎ የለም እንዴ፣ ታዲያ ማጠራቀም እምነት ማጣት አይደለም?» ይለኛል።

ቀለም ቀንድ፦
ጥቅሱ በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ «ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ነው። አታቅዱ አላለም፣ አትጨነቁ ነው ያለው። በኛ ቋንቋ ሁለቱን የሚያምታታው «ማሰብ» ነው። ማሰብ ማቀድም ነው፣ መጨነቅም ነው። እናት ልጇን ሸኝታ «ሐሳብ ያዘኝ» ስትል ዕቅድ አላወጣችም። ልጇም ደውሎ «አታስቢ» ሲላት አእምሮሽን አትጠቀሚ ማለቱ አይደለም።

«ክፋቱ» ላይም ብዙ ሰው ይደናቀፋል፣ ኃጢአት ይመስለዋል። ግሪኩ ካኪያ ነው፤ ክፋትም መከራም ይሆናል። አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። ቅድመ አያቶቻችን የ1880ዎቹን መጀመሪያ ረሀብ «ክፉ ቀን» ነው ያሉት። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ያንን ያየ ሕዝብ «ለክፉ ቀን» ብሎ ቢያስቀምጥ አይገርምም። እማማም ዕቁባቸውን ይጥላሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። ሌሊቱን ቁጭ ብለው ቢቆጥሩት ነበር የሚያስፈራኝ።

ጎጆ፦
አንድ ምርቃት ልጨምርና ልውጣ። «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ አይንሳችሁ»። ምግብ በቀን ተለካ፣ ልብስ በዓመት። ምኞት እንኳ ልክ ተበጅቶለታል። ለመና ግን አሁንም አልተረታሁም።

ሰንበሌጥ፦
ቀኑን ሙሉ ስታገለው ዋልኩ። ርዕሱን «ያዋለ ያሳድራል» አልኩት፤ ከሥሩም ጉርሱንና ልብሱን አስገባሁለት። ልጁ አነበበና «ይሄማ አያቴ የምትለው ነው» አለኝ፣ ቅር ብሎት። እሱ አዲስ ነገር የጻፈ መስሎት ነበር። ለማንኛውም ወረቀቷ እሑድ ትወጣለች፣ እሱ ካለ።