የገናና የበረዶ ስዕል ያላቸው ትንንሽ የእንጨት ፐዝሎች፦ ነጩን ቦታ እንዴት ነው የምትወጡት?

በረዶ_ወዳዷ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ የካርቶን ፐዝል ስገጣጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወደ እንጨት የተሻገርኩት ግን ገና አሁን ነው፣ ታናሽ እህቴ ለበዓል አንድ ትንሽዬ ሳጥን ሰጠችኝና በዛው ቀረሁ። 150 አካባቢ ቁራጭ ነው ያለው። ስዕሉ ማታ ላይ በረዶ የለበሰ መንደር ነው፣ መስኮቶቹ ቢጫ ብርሃን አላቸው፣ መሀል ላይ ያሸበረቀ የገና ዛፍ አለ፣ ከታች በኩል ልጆች በረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። ወደድኩት ማለት ብቻ አይገልጸውም! ቁራጩን ስታነሱት ክብደት አለው፣ ቦታውን ሲያገኝ ደሞ ልክክ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ከዛ ሁሉ በላይ ግን በየመሀሉ ደወል፣ ኮከብ፣ ሻማ፣ አጋዘን ሆነው የተቆረጡ ቁራጮች አሉ። አጋዘኑ ቀንዱ ከነቅርንጫፉ ወጥቷል፣ በቀንዶቹ መሀል የሚገባው የጎረቤቱ ቁራጭ ቀጭን ጣት የመሰለ ነገር አለው፣ እሱን ሳስገባ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ቤቶቹንና ዛፉን ቶሎ ነው የጨረስኳቸው፣ ታችኛው በረዶ ጋ ስደርስ ግን ቀጥ። ሁሉም ነጭ ነው በቃ። እንደ ካርቶኑ ከዳር ልጀምር ብል ደሞ እዚህ ዳር የሚባለው ነገር አይታመንም፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ቁራጭ መሀል ላይ ሲገባ አየሁ፣ የማዕዘኑ ቁራጭ ደሞ ለሁለት ተከፍሏል። እናንተ ነጩን ቦታ እንዴት ነው የምትወጡት? ስዕሉን እያያችሁ ነው የምትገጥሙት ወይስ ሳጥኑን ገልብጣችሁ? ስትጨርሱስ ታፈርሱታላችሁ ወይስ በኮላ አጣብቃችሁ ትሰቅሉታላችሁ? ልምዳችሁን ወዲህ በሉ በናታችሁ።

ልክክ_ሲል፦

እንኳን ወደ እንጨቱ በደህና መጣሽ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስዕል ላይ ያለ በረዶ ሙሉ ለሙሉ ነጭ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የማታ ስዕል ከሆነ መስኮት አጠገብ ያለው ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ ከብርሃኑ ራቅ ሲል ሰማያዊ ይሆናል፣ ዛፍ ስር ደሞ ሐምራዊ ነገር ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ነጭ ያልሻቸውን በሙሉ አንድ ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊያቸው፣ ዓይን ልዩነቱን የሚይዘው እውነተኛ ነጭ አጠገቡ ሲኖር ነው፣ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይወጣልሻል። ሞቅ ያለ ቀለም ያላቸውን ለብቻ ቀዝቀዝ ያሉትን ለብቻ አድርጊ። ቢጫ አምፖል ስር ግን አትሞክሪው፣ ሁሉንም አንድ ያደርግብሻል፣ ቀን መስኮት አጠገብ ይሻላል።

ሁለተኛው ዘዴ ካርቶን ላይ የሌለ፣ እንጨት ብቻ የሚሰጥሽ ነው። ቁራጩን ገልብጪና ጀርባውን እይው። ኮምፔንሳቶ ከሆነና ጀርባው ካልተቀባ የእንጨቱ መስመር ይታያል አይደል? ሁሉም ቁራጭ ከአንድ ጣውላ ስለወጣ መስመሩ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ከገጠምሽው ክፍል አንድ ቁራጭ አንሺና መስመሩ ወደ ጎን ይሁን ወደ ላይ እይ፣ ከዛ የቀሩትን ነጮች በዛው አቅጣጫ አሰልፊያቸው። አንዱን ቁራጭ በአራት አቅጣጫ እያዞሩ መሞከር ቀርቶ በሁለት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ለነጭ ቦታ ከዚህ የተሻለ እኔ አላየሁም። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ ከሆነ ግን መስመር ስለሌለው አይሰራም።

ቀጥ ያለ ጠርዝ መሀል ላይ ማስገባት፣ ማዕዘን ለሁለት መክፈል፣ እነዚህ ቆራጩ ሆን ብሎ የሚያደርጋቸው ናቸው፣ ከዳር እንዳትጀምሪ። ተይውና ከአጋዘኑ ተነሺ። ቅርጽ ያለው ቁራጭ ዙሪያውን ያሉት ጎረቤቶች የግድ የሱን ቅርጽ ተነክሰው ነው የሚወጡት፣ የቀንድ ቅርጽ የተነከሰ ነጭ ቁራጭ ካየሽ ሌላ የትም ሊሄድ አይችልም። ደወሉም ኮከቡም እንደዛው፣ ከመሀል ወደ ውጪ ነው የሚሰራው። ደሞ አንዳንዱ ቆራጭ በቀለሙ ድንበር ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ጣሪያው አንድ ቁራጭ፣ ጣሪያው ላይ ያረፈው በረዶ ሌላ ቁራጭ ይሆናል፣ ስለዚህ የጣሪያው ቁራጭ ጫፍ ላይ ነጭ ስለሌለ ብቻ ቀጥሎ ሰማይ ነው ብለሽ አትደምድሚ።

አሮጌ_መጋዝ፦

ሳጥኑን ገልብጪው! እኔ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ይሄ ነገር የመጣበትን መንገድ ስታዪው ይገባሻል። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ሰሪ ካርታ እንጨት ላይ እየለጠፈ በአገሮቹ ድንበር ይቆርጠው ነበር፣ ልጆች ጂኦግራፊ እንዲማሩበት። አዋቂው በደንብ የያዘው ግን በ1908 እና 1909 አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ፓርከር ብራዘርስ የሚባለው የጌም አምራች 1909 ላይ ሌላውን ጌም ትቶ ፋብሪካውን ለፐዝል ነበር ያዋለው፣ አሁን አንቺ የወደድሻቸው ቅርጽ ያላቸው ቁራጮችም የነሱ ፐዝሎች ውስጥ ነበሩ። እና በዛ ዘመን ሳጥኑ ላይ ስዕል አልነበረም፣ ርዕስ ብቻ። ብዙዎቹ ቁራጮችም ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ እርስ በርስ አይያያዙም፣ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ገፋ ካደረገው የማታው ስራ ሁሉ ይበተናል። ሰው ግን በዛ ሁኔታ ይገጥም ነበር፣ ይወደውም ነበር።

የበረዶ ስዕል ደሞ ሳይታይ ሲገጠም ነው ጣዕሙ። ቀን ይሁን ማታ አታውቂም፣ አንዲት ቢጫ ነጥብ ያለባት ቁራጭ ታገኛለሽ፣ ፋኖስ ናት? መስኮት ናት? ኮከብ ናት? ጎረቤቷን እስክታገኚ ድረስ አይታወቅም። ይሄንን ስዕል አይተሽ ከጀመርሽ አጣሽው ማለት ነው፣ 150 ቁራጭ ደሞ ያለ ስዕል የማይሞከር አይደለም።

ስዕሉ_ይበልጣል፦

@አሮጌ_መጋዝ ታሪኩን ወድጄዋለሁ ግን አልስማማም ወንድሜ። እኔ ፐዝል የምገጥመው ስዕሉን ለማየት ነው፣ ስዕል ደሞ ተቆራርጦ ካላየሁት በደንብ ያየሁት አይመስለኝም። ለምሳሌ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሞኔ በ1868 እና 1869 የሳለው አንዲት ወፍ አጥር በር ላይ የተቀመጠችበት የበረዶ ስዕል አለ፣ ፓሪስ ሙዜ ዶርሴ የሚባል ሙዚየም ነው ያለው። ዝም ብለሽ ስታዪው ነጭ ነው፣ ፐዝሉን ስትገጥሚ ግን የአጥሩ ጥላ የወደቀበት በረዶ ሰማያዊ መሆኑን ቁራጭ በቁራጭ ታገኚዋለሽ። ፀሐይ ያልነካው በረዶ የሰማዩን ብርሃን ስለሚቀበል እውነትም ሰማያዊ ይሆናል፣ @ልክክ_ሲል ያለው ትክክል ነው።

ከዚህም የሚበልጥብኝ የሰዓሊው ብሩጌል «አዳኞች በበረዶ ውስጥ» ነው፣ 1565 የተሳለ፣ ቪየና ነው የሚገኘው። አዳኞቹ ከነውሾቻቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቁልቁል ይሄዳሉ፣ በግራ በኩል እሳት የሚያነዱ ሰዎች አሉ፣ ከነሱ በላይ የመጠጥ ቤቱ ምልክት በአንድ ጎኑ ብቻ ተንጠልጥሎ ዘሟል፣ ከሩቅ ደሞ በረዶ በሆነው ኩሬ ላይ ጥቃቅን ሰዎች ሲንሸራተቱ። ስንት ጊዜ አይቼው ያቺን የዘመመች ምልክት ልብ ያልኳት ቁራጯን ይዤ ቦታዋን ስፈልግ ነው። እና ስዕሉን አስቀምጬ እያየሁ ነው የምገጥመው፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ትንሽ ከሆነ ሞባይል ላይ አጉልቼ። ደስታው ከዛ ነው የሚመጣልኝ።

የአናጺ_ልጅ፦

ኮላ? ኧረ በፍጹም! ካርቶኑንስ ይሁን፣ እንጨቱን ማጣበቅ ግን ለኔ ሀጢያት ነው። እንጨት ተፈርሶ ተገጥሞ የማያልቅ ነገር ነው፣ በየዓመቱ በዓል ሲደርስ ከሳጥኑ ወጥቶ ደግሞ የሚሰራ። በዓመቱ ስትመለሺበት ግማሹን ረስተሽዋል፣ ያ የቀንዱ ቁራጭ ግን ትዝ ይልሻል፣ እንደዛ ነው የሚጣፍጠው።

ሌሎቹ ያላነሱት አያያዙን ነውና እሱን ልበል። በሌዘር ጨረር የተቆረጠ ከሆነ ጠርዙ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፣ ሲከፈት ጭስ ጭስ ይላል፣ መጀመሪያ ላይ ጥላሸቱ እጅ ሊነካ ይችላል፣ ከእጅሽ ደሞ ነጩ በረዶ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ጠርዙን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ፣ ውሃ የሚባል አታስነኪው። አየሩ እርጥበት ሲኖረው እንጨቱ ትንሽ ያብጣል፣ ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ ብዙ ባይጣመምም ቁራጮቹ ጠበቅ ሊሉ ይችላሉ። ያኔ በመዳፍ አትምቺው፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይደር፣ ራሱ ይለቃል። ፀሐይ ላይ ወይ ማሞቂያ ላይ ግን አይቀመጥ፣ ቀለሙም ይደበዝዛል ይጣመማልም።

ስታፈርሺው ደሞ እንደ ካርቶን አጥፈሽ አትስበሪው እህቴ፣ አንድ በአንድ ከታች ገፋ እያደረግሽ ወደ ላይ አንሺው። ቀድሞ የሚሰበረው ቀጭኑ ነው፣ በተለይ የእንጨቱ መስመር ቀጭኑን አንገት አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ፣ ያ አጋዘንሽ ቀንዱ ጋ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢሰበርም አትደንግጪ፣ ለዚህ ብቻ ኮላ ይፈቀዳል፦ የእንጨት ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጊ፣ ገጥመሽ ያዥው፣ የወጣውን ወዲያው ጥረጊ፣ ይደር። ተርፎ ጠርዝ ላይ ከደረቀ ቁራጩ ቦታው አይገባም፣ ያኔ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል።

በረዶ_ወዳዷ፦

እናንተዬ የጀርባው መስመር ሰራ!! የኔ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ነጮቹን በሙሉ አሰልፌያቸው አንዱ ሌላውን እየጠራ ገቡ። ሁለት ልጆች መሀል ያለው በረዶ ደሞ እውነትም ሐምራዊ ነበር። @የአናጺ_ልጅ ኮላውን ትቼዋለሁ፣ ፈርሶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ስዕሉን ስለማየት ሁለታችሁም አሳምናችሁኛል፣ አዲሱን ሳላይ እጀምራለሁ፣ በዓመቱ እያየሁ። አሁን ሌላ ልወስድ አስቤ 500 ቁራጭ ያለው ትልቅ ልሂድበት ወይስ ትንሹ ላይ ልቆይ?

ልክክ_ሲል፦

ትንሹ ላይ ቆዪ። የበዓል ሰሞን ሰው ይወጣል ይገባል፣ ትልቁ ጠረጴዛውን ለቀናት ይይዝብሻል፣ ትንሹ ትሪ ላይ ያርፋል፣ ሰው ሲመጣ ከነትሪው ታነሺዋለሽ፣ ሁለት ሶስት ሰው ደሞ ተቀምጦ በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። ትንሽ ነው ተብሎም አይናቅም፣ የእንጨት 150 አንዳንዴ ከካርቶን 500 የበለጠ ያስቀምጣል።

ስትመርጪ ቁጥሩን ሳይሆን አቆራረጡን እይ። ፎቶው ላይ ቁራጮቹ ሁሉ አንድ አይነት ከሆኑ እለፊው። የበረዶ ቅንጣት ቅርጽ ያለው ቁራጭ ካለ ደሞ ክንዱን ቁጠሪ። ውሃ ቀዝቅዞ በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ ባለ ስድስት ጎን ሆነው ስለሚደረደሩ የተለመደው ባለ ኮከብ ቅንጣት ስድስት ክንድ ነው ያለው፣ ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል አሜሪካዊ ገበሬ ከ1885 ጀምሮ በማይክሮስኮፕ ከ5000 በላይ ፎቶ አንስቶ አሳይቷል። ስምንት ክንድ አድርገው የሚቆርጡ ሞልተዋል። ስድስት አድርጎ የቆረጠ ሰው በረዶውን አይቶ የሰራ ነው፣ የቀረውንም በጥንቃቄ ቆርጦት ይሆናል ብዬ አምነዋለሁ፣ እኔ ከሱ ነው የምወስደው።