ደጋ መኖር ለኮቶፓክሲ ይበቃል ወይ? (ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ)

ጥያቄ፦ ዋልያ_ዘሸዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር በጥር ኢኳዶር ለመሄድ እየተሰናዳን ነው። ዋናው ሐሳብ ኮቶፓክሲ (5,897 ሜትር) ጫፍ መድረስ ነው፤ አቅም ከተረፈን ቺምቦራዞንም እንሞክራለን። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ጓሳንና መገዘዝን በእግር እናዘወትራለን፣ በረዶ ግን ረግጠን አናውቅም።

የደጋ ሰው ስለሆንን ከፍታ ለመልመድ የሚሄደውን ቀን ማሳጠር እንችላለን? እዚሁ ሆነን ምን እንለማመድ? የትኛውን ዕቃ ከዚህ ይዘን የትኛውን እዚያ እንከራይ? ስለ ዳያሞክስ (የተራራ ሕመም መከላከያ ኪኒን) እና ስለ ስንቅም የምታውቁ ካላችሁ ጣል አድርጉልን። እግዜር ይስጥልን።

መልስ፦ ሰሜን_ነፋስ

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፣ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850። ከባሕር ዳርቻ የመጣው ቱሪስት ኪቶ ላይ ራሱን ይዞ ሲተኛ እናንተ በገዛ አየራችሁ ውስጥ ናችሁ። የምታተርፉት ሁለት ቀን ነው። ከዚያ በላይ አትቀንሱ።

ምክንያቱም ለኮቶፓክሲ ምሽቱን የምታሳልፉበት የሆሴ ሪቫስ መጠለያ 4,864 ሜትር ላይ ነው። ከራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል። ጓሳ ከፍ ቢል 3,700 አካባቢ ነው፤ በሰሜን ሸዋ በመጠለያው ከፍታ የሚታደርበት ቦታ የለም። 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ግማሽ ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ ከዚያም 400 ሜትር ትወጣላችሁ።

የታወቀው ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ሌሊት ባለበት ይደገም ይላል። ኮቶፓክሲ ላይ ይህን በትክክል መጠበቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ነው መፍትሔው። የደረሳችሁ ዕለት ዕረፍት። በማግሥቱ ከኪቶ በኬብል መኪናው 4,000 ሜትር ገደማ ውጡና ሩኩ ፒቺንቻን (4,700 ሊሞላ ጥቂት የቀረው) በእግር ሂዱበት፤ መጨረሻው ድንጋይ ነው፣ እጅ ይጠይቃል። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚመጣ ኬብሉ እንደተከፈተ ጀምሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ኤል ቻውፒ መንደር ውረዱ። በአራተኛው ኢሊኒሳ ተራራ ሥር 4,700 ሜትር አካባቢ ባለው መጠለያ እደሩ፣ በአምስተኛው የተራራውን ሰሜናዊ ጫፍ ኢሊኒሳ ኖርቴን (5,126) ወጥታችሁ መንደር ተመለሱ። አንድ ሙሉ ቀን ተኙ፣ ብሉ። ኮቶፓክሲ ከዚያ በኋላ ነው። ለአየር ጠባይ ሁለት ትርፍ ቀን ያልያዘ ፕሮግራም ፕሮግራም አይደለም፤ ነፋስ ከተነሳ ጋይዱ አይወጣም።

ከመሳፈራችሁ በፊት ባለው ሳምንት ጓሳ ሁለት ሌሊት ብታድሩ ይጠቅማል። የለመዳችሁት ከፍታ በመንገድ ላይ በአንድ ሁለት ቀን አይጠፋም፤ ቆላ ወርዶ ሳምንት ሁለት ሳምንት መቀመጥ ነው የሚያጠፋው።

ልምምድን በተመለከተ ሩጫውን ቀንሱና ዳገት ጨምሩ። ከመጠለያው እስከ ጫፍ 1,030 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ሽቅብ ነው፣ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ያለው ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። 12 ኪሎ ያህል ውሃ በጀሪካን ሸክፋችሁ ውጡ፣ ላይ ስትደርሱ ድፉትና ባዶ ሸክም ይዛችሁ ውረዱ፤ ጉልበታችሁ አይጎዳም። ርምጃችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የሚያስችል ይሁን። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑ ነው፤ ጉልበት ስላለው ሳንባው ሳይደርስበት ይቀድመዋል።

መልስ፦ ነርስ_ከመሐል_ሜዳ

"የደጋ ሰው ነን" የሚለው ላይ ልጨምር። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች ሂሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) በአማካይ ለወንዶች በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የደማቸው ኦክስጅን ደግሞ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ብዙ አይለይም። የአንዲስ ደገኞች ግን ሂሞግሎቢናቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። የሚያኮራ ነገር ነው፣ ግን የተለካው 3,530 ላይ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ነው። በሳምንት ውስጥ 5,900 ለሚወጣ ሰው ዋስትና አይሰጥም። የተራራ ሕመም የትውልድ ቦታ አይጠይቅም።

ዳያሞክስ (አሴታዞላማይድ) ለመከላከያ 125 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ከፍ ወዳለው መጠለያ ከመውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት ይጀመራል፣ መውረድ ሲጀመር ይቆማል። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። እዚሁ ቤታችሁ ሳላችሁ አንድ ሁለት ቀን ሞክሩት። ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ አምቦ ውሃ ጋዙ ያለቀበት ይመስላል። ይህን እዚህ ያወቀ ሰው እዚያ አይደነግጥም። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ፈጽሞ አይነኩ።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ባላችሁበት ቆዩ፣ ከፍ አትበሉ። አስጊዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ አንጎል ሲያብጥ ነው፦ ሰውየውን ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመ ቀጥ ባለ መስመር አራምዱት፤ ከተንገዳገደ በዚያው ሰዓት ይውረድ። ሌላው ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ነው፦ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይስላል፣ ሲብስ አረፋ የተቀላቀለበት ቀላ ያለ አክታ ይወጣዋል። ለሁለቱም መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ የቀረው ተጨማሪ ነው። "ይንጋና" አይባልም። ኮቶፓክሲ ላይ የመኪና ማቆሚያው ከመጠለያው በታች ቅርብ ስለሆነ ሰው በሌሊትም ይወርዳል።

ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ በቀዘቀዘ ጣትና በተቀባ ጥፍር ላይ ትዋሻለች። ጣቱን አሙቃችሁ ለኩ።

መልስ፦ ገመድ_ያዥ

ሁለቱም ደህና ብለዋል፤ እኔ ወደ እግራችሁ ልምጣ። ሰሜን ሸዋ የማይሰጣችሁ ነገር በረዶ ላይ መርገጥ ነው። ውርጭ አለን፣ የበረዶ ግግር የለንም።

ድርብ ጫማ፣ ክራምፖን (ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ)፣ አይስ አክስ (የበረዶ መጥረቢያ)፣ ሀርነስ (ገመድ የሚያያዝበት የወገብ መታጠቂያ) እና ሄልሜት ኪቶ ላይ ይከራያሉ፤ መግዛት ብክነት ነው። ከዚህ የሚያዘው ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ነው፦ የሱፍ ካልሲ፣ ስስና ወፍራም ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ ምድብ 4 የፀሐይ መነጽር፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ።

ጫማውን ስትከራዩ በምትወጡበት ካልሲ ለኩት። በጫማው ጫፍ ደረጃ እርገጡ፤ አውራ ጣት ፊቱን ከነካ አንድ ቁጥር ጨምሩ። የጠበበ ጫማ ደም ይከለክላል፣ ጣት የሚበርደው ከብርዱ በላይ በዚህ ነው። ከዚያ ክራምፖኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ግጠሙና ማሰሪያውን ሳታጠብቁ ጫማውን አንስታችሁ ነቅንቁ። ከወደቀ ልኩ አይደለም፤ ማሰሪያ አያድነውም። የማሰሪያው ዘለበት በውጭ በኩል ይሁን፣ የተረፈው ጫፍ ይቋጠር፣ ሰፊ ሱሪ በጌተር (ቅልጥም ላይ በሚታሰር ሽፋን) ይያዝ። የክራምፖን ጥርስ የራስን ሱሪ ይዞ መጣል ከተለመዱት አደጋዎች አንዱ ነው። ስትራመዱ በሁለቱ እግሮች መካከል የጡጫ ስፋት ይኑር፣ ጥርሶቹ ሁሉ እኩል እንዲነክሱ እግራችሁን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ እርገጡ። ረፋድ ላይ በረዶው ሲረጥብ ክራምፖኑ ሥር ይጠቀለላል፤ በአክሱ ዘንግ እየመታችሁ አራግፉ።

አንዳችሁ ብትንሸራተቱ፦ አንድ እጅ የአክሱን ራስ ይዞ ከትከሻ አጠገብ፣ ሌላው እጅ የዘንጉን ጫፍ ይዞ ከወገብ አጠገብ፤ በደረት ተጭኖ ሹሉን በረዶ ውስጥ መቅበር፣ ክራምፖን ካለ ጉልበትን አጥፎ እግርን ከበረዶው ማንሳት። ጥርሱ ቀድሞ ከነከሰ ያገለብጣችኋል። ይህን በመውጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከጋይዱ ጋር ደጋግማችሁ ሥሩ፤ "ነገ እናየዋለን" ካላችሁ ጋይድ ቀይሩ።

ገመዱ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ይወጠር፣ በእጃችሁ አትጠቅልሉት። ሰው የግግሩ ስንጥቅ ውስጥ ቢገባ የላላው ገመድ ሁሉ ወደ ድንገተኛ መንጭቆ ይለወጣል።

አሁን ሰዎች ገንዘብ ሲቆጥቡ የሚያጡት ነገር። ኢኳዶር ውስጥ ግግር ያለበት ተራራ ላይ ፈቃድ ያለው ጋይድ ግዴታ ነው፣ አንድ ጋይድ የሚይዘውም ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ሁለታችሁ በአንድ ገመድ ከሆናችሁ አንዱ ሲታመም ሦስታችሁም ትመለሳላችሁ። አቅም ካላችሁ ሁለት ጋይድ ያዙ። ከሌላችሁ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ 5,600 ላይ የሚነሳ ክርክር አያምርም።

የሚነሱት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፣ በእኛ 6 ሰዓት። (ከጋይዱ ጋር ቀጠሮ ስትይዙ የሰዓት አቆጣጠራችንን እርሱት፣ የእነሱ 12 ነው።) ምድር ወገብ ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ስንጥቁን የሸፈነው በረዶ ቶሎ ይላላል። የቱቦ ውሃ መያዣ ይቀዘቅዛል፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ያዙ፣ በረዶ ከላይ በኩል ስለሚጀምር አፉ ነጻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዋልያ_ዘሸዋ

እጅግ እናመሰግናለን። ጃኬት ከሰልባጅ ብንገዛስ? ጋቢም ልንይዝ ነበር።

መልስ፦ ገመድ_ያዥ

ሰልባጅ ጥሩ ነው። የላባ ጃኬት ከሆነ ጨፍልቃችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተነፋ ወይም ውስጡ እንደ ጓል ከቋጠረ ተዉት። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ለመጠለያው ይሁን፣ ከበር አይውጣ። የመንዝ ባና ሱፍ ስለሆነ ረጥቦም ያሞቃል፣ ክብደቱ ነው እንጂ።

መልስ፦ አመድ_ላይ_ሄዋጅ

ቺምቦራዞን ከዚህ ጉዞ አውጡት። 6,263 ሜትር ነው፣ መሬት ወገቧ ላይ ስለምታብጥ ጫፉ ከመሬት እምብርት በጣም የራቀው ቦታ ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ችግሩ ድንጋይ ነው። ግግሩ እየሳሳ ሲሄድ በውርጭ ተጣብቆ የነበረው ድንጋይ ፀሐይ ስትነካው ይለቃል፤ ኤል ካስቲዮ የሚባለው ገደል ሥር በጨለማ ካልታለፈ አይታለፍም። ብዙ ሰው ደግሞ ቬንቲሚያ የሚባለው ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ ዋናው ጫፍ ከበረዶው ሜዳ ማዶ ነው፣ በረዶው ካልጠነከረ ጭን ያስገባል።

ሌላው፦ ኮቶፓክሲ ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። በ2015 ፈንድቷል፣ በ2022 መጨረሻም (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) አመድና ጋዝ ማውጣት ጀምሮ መውጣት ተከልክሎ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት የኪቶውን የጂኦፊዚክስ ተቋም መግለጫ እዩ፣ ውላችሁም ላይ "ቢዘጋ በካያምቤ ይተካል" የሚል ይጻፍበት። ካያምቤ 5,790 ሜትር ነው፣ ስንጥቁ ግን ይበዛል።

በረዶ ይቅርብን ካላችሁ ፔሩ ውስጥ ሚስቲ (5,822) አለ። ሁለት ቀን ነው፣ በደረቁ ወራት ክራምፖን አይጠይቅም፣ ግን ተራራው ላይ ውሃ ስለሌለ እያንዳንዳችሁ 5 ወይም 6 ሊትር ትሸከማላችሁ፤ አመዱም ሁለት ርምጃ ወስዳችሁ አንዱን ይመልሳችኋል። አሬኪፓ ከተማ 2,335 ሜትር ላይ ስለሆነች ከደብረ ብርሃን ዝቅ ትላለች፣ የመልመዱን ፕሮግራም በዚያ አስተካክሉ። ጥር ደግሞ እዚያ ዝናብ ነው፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ይሻላል።

መልስ፦ ስንቅ_አዋቂ

ስለ ስንቅ ማንም አልነካውም። ቆሎ ለመጠለያው እንጂ ለዳገቱ አይሆንም፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሰው በአፉ ስለሚተነፍስ ፍርፋሪው ትን ይላል፣ ሳል ያስነሳል። ጭኮም ቅቤው ይደርቃል፤ በትንሽ በትንሹ ቆርጣችሁ ከጃኬት ውስጥ ኪስ ካልያዛችሁት ጥርስ አይገባበትም። በሶ በማር ተለውሶ ይሄዳል። ከዚህ መሸከምም አያስፈልግም፣ ኤርፖርት ላይ የእህል ነገር ይፈተሻል። የኢኳዶር ደገኞች ማቺካ የሚሉት የተቆላ ገብስ ዱቄት አላቸው፤ ያው በሶ ነው፣ ኪቶ ገበያ ይሸጣል። የበቆሎ ቆሎም ቶስታዶ ብላችሁ ጠይቁ።

በየ45 ደቂቃው ትንሽ ጉርሻ ጣፋጭ ነገር፣ ሳይርብ። ከፍታው የምግብ ፍላጎት ይዘጋልና ርሀብ እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ሳይበላ ይደክማል። ለመውጫው ሌሊት ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ግማሹ ትኩስ ሻይ በቴርሞስ።

ጥር ስለሆነ የነቢያት ጾም አልፏል፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም የጥምቀት ዋዜማ (ገሃድ) ነው። ነነዌ ግን በአንዳንድ ዓመት ጥር ውስጥ ትውላለችና ቀኑን አይታችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የጾም መብል መጠለያው ውስጥ አይቸግርም፣ ድንችና ፓስታ አለ፤ አስቀድማችሁ ለጋይዱ ንገሩት።

ቪዛ ለኛ ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የአገሩ ገንዘብ ዶላር ነው፤ በ1፣ በ5 እና በ10 አዘርዝራችሁ ያዙ፣ 50 እና 100 ኖት ትንንሽ ሱቆች አይቀበሉም።